3600 የተጻፈበት ራም ለምን በ2133 ይሠራል? ራምን ከፕሮሰሰሩ ኦፊሴላዊ ፍጥነት በላይ የማስኬድ መመሪያ

"ራሜ ላይ 3600 ተጽፏል፤ ኮምፒውተሬ ግን 2133 ነው የሚለው። ተሸውጄ ነው?" ይህ ጥያቄ ሳይደርሰኝ የሚያልፍ ሳምንት የለም። ተከትሎት የሚመጣውም ያው ነው፦ "የፕሮሰሰሬ መግለጫ እስከ 3200 ይላል፤ 3600 ብሰጠው ይቃጠላል?" በየጊዜው ከመድገም አንድ ቦታ ልጻፈው ብዬ ነው።

አልተሸወዳችሁም። በሥርዓቱ ከሠራችሁትም አይቃጠልም። ግን ኮምፒውተሩ በአዲሱ ፍጥነት ተነሳ ማለት ሥራው አለቀ ማለት አይደለም። ጊዜ የላችሁም፣ አንድ ክፍል ብቻ ነው የማነበው ካላችሁ ደረጃ 7ን አንብቡ።

መጀመሪያ ሦስቱን ቁጥሮች ለዩ

ሰው የሚደናገረው አንድ ራም ሦስት ቁጥር ስለሚከተለው ነው።

አንደኛው ኮምፒውተሩ ማንንም ሳይጠይቅ የሚይዘው ፍጥነት ነው። እያንዳንዱ ራም ላይ ስለራሱ መረጃ የያዘች ትንሽ ቺፕ አለች። ማዘርቦርዱ ሲነሳ እሷን ያነብና ጄዴክ የተባለው የደረጃ አውጪ ድርጅት ከወሰናቸው ፍጥነቶች ውስጥ አስተማማኙን ይይዛል። በዲዲአር4 የራም ትውልድ ላይ ብዙ ጊዜ 2133፣ 2400 ወይም 2666 ሆኖ የምታገኙት ለዚህ ነው፤ ቀጣዩ ትውልድ ዲዲአር5 ላይ ደግሞ 4800 የተለመደ ነው።

ሁለተኛው የፕሮሰሰሩ ነው። ከራሙ ጋር የሚነጋገረው ክፍል፣ ሜሞሪ ኮንትሮለር የሚባለው፣ የሚገኘው ፕሮሰሰሩ ውስጥ ነው። ስለዚህ ኢንቴልና ኤኤምዲ በየፕሮሰሰሩ መግለጫ ላይ የራም ፍጥነት ይጽፋሉ፦ ኮር አይ5 10400 እስከ 2666፣ ራይዘን 5 5600 እስከ 3200፣ ራይዘን 5 7600 እስከ 5200፣ ኮር አይ9 13900ኬ በዲዲአር5 እስከ 5600። ይህ ቁጥር ያንን ስም ይዞ የተሸጠ ፕሮሰሰር ሁሉ እንደሚደርስበት አምራቹ ቃል የገባበት ልክ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ግን በእጃችሁ ያለው አንድ ፍሬ ፕሮሰሰር ዕድል ነው። የእናንተ 3800 ሲሄድ የጓደኛችሁ ያው ፕሮሰሰር 3600 ላይ ሊቆም ይችላል።

ሦስተኛው ሳጥኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው ነው። የራሙ አምራች በዚያ ፍጥነት ሞክሮት፣ የሚያስፈልገውን ታይሚንግ (ራሙ መልስ ለመስጠት የሚጠብቃቸውን ምቶች ብዛት) እና ቮልቴጅ ጨምሮ፣ ቅድም ባልኳት ቺፕ ውስጥ እንደ ፕሮፋይል አስቀምጦታል። የኢንቴሉ ኤክስኤምፒ፣ ኤኤምዲ ለዲዲአር5 ያወጣው ደግሞ ኤክስፖ ይባላል። ፕሮፋይሉን እናንተ ካላበራችሁት ተኝቶ ይኖራል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ እሱም ራሱን የቻለ የጥያቄ ምንጭ ነው። 3600 የሚባለው በሰከንድ የሚደረገው የዳታ ዝውውር ብዛት ነው፣ በሚሊዮን። ዲዲአር ራም በአንድ ምት ሁለት ጊዜ ስለሚያስተላልፍ ትክክለኛው ምት ግማሹ፣ 1800 ሜጋኸርዝ ነው። የኮምፒውተሩን ዕቃዎች ዝርዝር የሚያሳየው ሲፒዩ-ዚ የተባለ ፕሮግራም ላይ 1800 አይታችሁ "ግማሹ ጠፋ" እንዳትሉ፤ ምንም አልጠፋም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- በአንድ ሳጥን ጥንድ ሆኖ የመጣ ራም። ሁለት ፍሬ ከአራት ፍሬ ይቀላል፤ ምክንያቱን ስሕተቶቹ ጋ ታገኙታላችሁ።
- ይህን የሚፈቅድ ማዘርቦርድ። ኢንቴል ላይ በዜድ የሚጀምሩት ቺፕሴቶች (ቺፕሴት የማዘርቦርዱ ዋና ቺፕ ነው፤ መለያው በቦርዱ ስም ውስጥ አለ) ሁሉ ይፈቅዳሉ፤ ቢ560፣ ቢ660 እና ቢ760ም እንዲሁ። ኤች410፣ ቢ460፣ ኤች510 እና ኤች610 ግን አይፈቅዱም፤ እዚያ ላይ ከፕሮሰሰሩ ልክ አታልፉም። ኤኤምዲ ላይ ቢ450፣ ኤ520፣ ቢ550 እና ቢ650ን ጨምሮ አብዛኞቹ ይፈቅዳሉ።
- አንድ ፍላሽ። ራም የሚፈትሸው ሜምቴስት86 የተባለ ፕሮግራም ሲጫንበት ያለበት ሁሉ ስለሚጠፋ ባዶ ይሁን። ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ መጀመሪያ የሚሠራውን የማዘርቦርዱን ፕሮግራም) ለማሻሻልም ይህንኑ መልሳችሁ መጠቀም ትችላላችሁ።
- ሲፒዩ-ዚ እና ሙቀትና ቮልቴጅ የሚያሳየው ኤችደብሊውኢንፎ፤ ሁለቱም ነጻ ናቸው።
- ለባክአፕ የሚሆን ሌላ ዲስክ።
- ስልክ። የባዮሱን ገጾች ከመንካታችሁ በፊት ፎቶ አንሱ፤ "ቅድም ስንት ነበር?" የሚለውን ጥያቄ ከፎቶ የተሻለ የሚመልስ የለም።
- አንድ ምሽትና ሌሊቱ። የሚፈጀው ማስተካከሉ ሳይሆን ፍተሻው ነው።

ማስጠንቀቂያ

ባክአፕ ሳትይዙ አትጀምሩ። የሚሳሳት ራም ኮምፒውተሩን ብቻ አያጠፋም፤ የተሳሳተውን ነገር ዲስክ ላይ ይጽፈዋል። ፋይላችሁ ስሙም መጠኑም እንዳለ ሆኖ ውስጡ ይበላሻል።

ዊንዶውስ ዲስካችሁን በቢትሎከር ቆልፎት ከሆነ የመክፈቻ ቁልፉን ሌላ ቦታ አስቀምጡ። በተለይ ባዮስ ካሻሻላችሁ በኋላ ቁልፉን ሊጠይቃችሁ ይችላል፤ ያኔ ፍለጋ መጀመር ደስ አይልም።

ዋስትናን በተመለከተ ኢንቴልም ኤኤምዲም ከመግለጫው በላይ በማስኬድ የሚመጣ ጉዳትን እንደማይሸፍኑ ይናገራሉ፤ ፕሮፋይሉን ራሳቸው ያወጡት ቢሆኑም። ይህን አውቃችሁ ግቡ።

ቮልቴጅ ላይ ቸር አትሁኑ። ዲዲአር4 መደበኛው 1.2 ቮልት ነው፤ ፕሮፋይሎቹ በብዛት 1.35 ይጠይቃሉ። ዲዲአር5 መደበኛው 1.1 ሲሆን ፕሮፋይሎቹ ከ1.25 እስከ 1.4 ይሄዳሉ። ፕሮፋይሉ ከጠየቀው በላይ መስጠት ለጀማሪ አያስፈልግም። ራይዘን 7000 እና ከዚያ ወዲህ ያላችሁ ደግሞ ኤስኦሲ ቮልቴጅ የሚባለውን ለዩት፤ ከራሙ ቮልቴጅ ጋር አንድ አይደለም፣ የሚገባው ፕሮሰሰሩ ውስጥ ነው። ፕሮሰሰሮች መቃጠላቸው ከተሰማ በኋላ ኤኤምዲ በ2023 ጣሪያውን 1.3 ቮልት አድርጎታል። ከዚያ በላይ ካያችሁ ባዮሳችሁ አሮጌ ነው፤ ፕሮፋይሉን አጥፍታችሁ መጀመሪያ ባዮሱን አሻሽሉ።

ላፕቶፕ ያላችሁ ብዙዎቻችሁ እዚህ ጋ ትቆማላችሁ። አብዛኛው ላፕቶፕ ባዮሱ ውስጥ ይህ ምርጫ የለውም።

ደረጃ 1፦ አሁን ያላችሁበትን መዝግቡ

ታስክ ማናጀር ከፍታችሁ ፐርፎርማንስ፣ ከዚያ ሜሞሪ የሚለውን ተጫኑ። ስፒድ የሚለውንና ስንት ስሎት (የራም መሰኪያ) እንደተያዘ ጻፉ። ከዚያ ሲፒዩ-ዚን ክፈቱ፤ ኤስፒዲ የሚለው ገጽ ላይ ራማችሁ የያዛቸው ፕሮፋይሎች ተዘርዝረዋል። ኤክስኤምፒ ወይም ኤክስፖ የሚል ዓምድ ከሌለ ራማችሁ ፕሮፋይል የለውም ማለት ነው፤ ባዮስ ውስጥ ብትፈልጉም አታገኙትም።

እግረ መንገዳችሁን አንድ መለኪያ ያዙ። አዘውትራችሁ የምትጫወቱት ጌም አንድ ቦታ ላይ ስንት ፍሬም እንደሚሰጥ ወይም 7ዚፕ ውስጥ ያለው የፍጥነት መለኪያ ስንት እንዳወጣ ጻፉ። መነሻውን ያልያዘ ሰው መጨረሻ ላይ "የፈጠነ መሰለኝ" ከማለት ሌላ የሚለው አይኖረውም።

ደረጃ 2፦ ራሙ ትክክለኛው ስሎት ላይ መሆኑን እዩ

አራት ስሎት ያለው ማዘርቦርድ ላይ ሁለት ፍሬ ራም የሚሰካው ከፕሮሰሰሩ ስትቆጥሩ 2ኛውና 4ኛው ላይ ነው። ከማዘርቦርዱ መጽሐፍ ጋር አስተያዩት፤ አብዛኛው ቦርድ እንዲህ ነው። ምክንያቱ የውበት አይደለም። በአብዛኛው ቦርድ ሁለቱን ስሎቶች የሚያገናኘው መስመር አንዱን አልፎ ሌላው ላይ ያልቃል። ራሙን ቅርቡ ላይ ሰክታችሁ የመጨረሻውን ባዶ ከተዋችሁት ምልክቱ ባዶው ጫፍ ድረስ ሄዶ ይመለስና ዋናውን ይረብሸዋል። 2133 ላይ ምንም አይታወቅም፤ 3600 ላይ ግን እንዳይነሳ ለማድረግ ይበቃል።

መንቀል ካስፈለጋችሁ ኮምፒውተሩን አጥፉ፣ የመብራት ገመዱን ንቀሉ፣ የማብሪያውን ቁልፍ ለጥቂት ሰከንድ ተጭናችሁ የቀረውን ኃይል አስወጡ፣ የኬዙን ብረት ነክታችሁ ከዚያ ራሙን ያዙ። ሲገባ "ቀጭ" ማለት አለበት።

ደረጃ 3፦ ባዮሱን አሻሽሉ

ባዮስ ውስጥ ራሙን ከፕሮሰሰሩ ጋር የሚያለማምድ ፕሮግራም አለ። አምራቾች ይህን ክፍል በየጊዜው ያሻሽሉታል፤ በተለይ ዲዲአር5 ላይ በአሮጌ ባዮስ እምቢ ያለ ራም በአዲሱ ያለ ምንም ክርክር ሲነሳ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። የማዘርቦርዱን ሙሉ ስም ከነሪቪዥን ቁጥሩ አረጋግጡ፣ ቤታ ያልሆነውን የመጨረሻ ባዮስ አውርዱ፣ ቢትሎከርን ለጊዜው አቁሙ፣ ከዚያ ጫኑ። መሐል ላይ መብራት ቢጠፋ ቦርዱ ሊሞት ስለሚችል መብራቱ በማይታመንበት ሰዓት አትሞክሩት።

ደረጃ 4፦ ፕሮፋይሉን አብሩ

ኮምፒውተሩን አስነሥታችሁ ዲሊት ወይም ኤፍ2 ደጋግማችሁ ተጫኑ። ፕሮፋይሉ እንደየቦርዱ ኤክስኤምፒ፣ ኤክስፖ ወይም ዲኦሲፒ ይባላል፤ ሥራው አንድ ነው። ዲኦሲፒ የምታገኙት የኤኤምዲ ቦርድ የኤክስኤምፒን ፕሮፋይል ሲያነብ ነው። ሁለት ፕሮፋይል ካለ የመጀመሪያውን ምረጡ።

ሴቭ ከማድረጋችሁ በፊት ገጹን ዝቅ ብላችሁ ሦስት ነገር ከራሙ ተለጣፊ ጋር አስተያዩ፦ ፍጥነቱን፣ አራቱን ታይሚንጎች (ለምሳሌ 18-22-22-42) እና ቮልቴጁን። ፍጥነቱ ተቀይሮ ቮልቴጁ 1.2 ላይ ቀርቶ ካያችሁ በእጃችሁ ተለጣፊው ላይ ወዳለው (ብዙ ጊዜ 1.35) ቀይሩት። ራሙ የተጠየቀውን ፍጥነት የሚችለው በዚያ ቮልቴጅ ስለሆነ እንዲህ ከሄደ አይነሳም፣ ቢነሳም አይቆይም። ከዚያ ኤፍ10 ተጭናችሁ ሴቭ አድርጋችሁ ውጡ። ሌላ ምንም አትንኩ።

ደረጃ 5፦ እጃችሁን ሰብስባችሁ ጠብቁ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ስክሪኑ ጥቁር ይሆናል። ፋኑ ይዞራል፣ ኪቦርዱ አይበራም፣ ማዘርቦርዱ ላይ ዲራም የሚል ጽሑፍ አጠገብ ያለችው ትንሽ መብራት በርታ ትቀራለች። አንዳንዴ ራሱ ጠፍቶ ራሱ ይነሳል። ተበላሸ ማለት አይደለም፤ ኮንትሮለሩ በአዲሱ ፍጥነት እያንዳንዱን መስመር እየለካ ነው። ዲዲአር4 ላይ ብዙ ጊዜ ከደቂቃ አያልፍም፤ ዲዲአር5 ላይ፣ በተለይ በራይዘን 7000 እና ራም ሲበዛ፣ ብዙ ደቂቃ ሊወስድ ይችላል። እኔ 15 ደቂቃ ሳይሞላ አልነካውም።

ከዚያም በኋላ ካልተነሳ ሲሞስ ማጽዳት፣ ማለትም የባዮሱን ሴቲንግ ወደ መጀመሪያው መመለስ ነው። አጥፉ፣ ገመዱን ንቀሉ፣ ማዘርቦርዱ ላይ ሲሞስ ማጽጃ ተብለው የተጻፉትን ሁለት ፒኖች በጠመንጃ መፍቻ ጫፍ ለ10 ሰከንድ ያህል አገናኙ። ፒኖቹን ካጣችኋቸው ክቧን ባትሪ አውጥታችሁ 5 ደቂቃ ቆዩና መልሷት። ኮምፒውተሩ በመጀመሪያው ፍጥነቱ ይነሳል፤ ምንም አልጠፋችሁም።

ደረጃ 6፦ ራሙና ኮንትሮለሩ እኩል እየረገጡ መሆኑን አረጋግጡ

ተነስቶ ታስክ ማናጀር 3600 ካለ ደስ ይላል፤ ግን ቁጥር ስላደገ ብቻ ፍጥነት አይጨምርም። ኮንትሮለሩ የራሱ ምት አለው። ከራሙ ጋር እኩል ሲረግጥ የተጠየቀው ዳታ ሳይጠብቅ ይተላለፋል። ራሙ ከአቅሙ በላይ ሲፈጥንበት ባዮሱ ኮንትሮለሩን በግማሽ ምት ያስኬደዋል፤ ያኔ እያንዳንዱ ጥያቄ ተራ ይጠብቃል።

ራይዘን 3000 እና 5000 ላይ ሦስት ቁጥሮች እኩል መሆን አለባቸው፦ የራሙ ምት፣ የኮንትሮለሩ ምትና ኤፍሲኤልኬ የሚባለው የውስጥ መገናኛ ምት። 3600 ላይ ሦስቱም 1800 ይሆናሉ፤ አብዛኞቹ ፕሮሰሰሮች እዚህ ይደርሳሉ። 3800 ማለት 1900 ነው፤ እሱን ሁሉም አይችልም። 4000 ራም ገዝቶ "ከ3600 ዘገየብኝ" የሚል ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የማየው ይህንን ነው። ዜንታይሚንግስ የሚባል ትንሽ ፕሮግራም ሦስቱንም አንድ ላይ ያሳያል።

ራይዘን 7000 ላይ እኩል እንዲሆኑ የምትፈልጉት ራሙንና ኮንትሮለሩን ብቻ ነው፦ 6000 ላይ ሁለቱም 3000። ኤፍሲኤልኬውን በአውቶ ተዉት፤ 2000 አካባቢ ሆኖ ብታዩት ልክ ነው።

ኢንቴል ከ11ኛው ትውልድ ጀምሮ ይህንኑ ጊር ይለዋል፦ ጊር 1 ማለት እኩል ምት፣ ጊር 2 ማለት ኮንትሮለሩ በግማሽ ምት ነው። ዲዲአር4 ካላችሁ ጊር 1 እንዲሆን ትፈልጋላችሁ። ከ12ኛው እስከ 14ኛው ትውልድ ዲዲአር5 ከያዛችሁ ጊር 2 ማየታችሁ የተለመደ ነው፤ አትጨነቁበት።

ታይሚንጉም የራሱ ሂሳብ አለው። የመጀመሪያውን ታይሚንግ በ2000 አባዙና ለፍጥነቱ አካፍሉ፤ የምታገኙት በናኖሰከንድ የሚቆጠር መዘግየት ነው። 3200 በታይሚንግ 16 ከሆነ 10 ናኖሰከንድ። 3600 በ18 ከሆነም 10። 4000 በ20? እሱም 10። ሦስቱም መልስ ለመጀመር እኩል ይዘገያሉ፤ የሚለያዩት በሚያጓጉዙት መጠን ነው። በ2133 ታይሚንግ 15 ላይ የቆየ ሰው ግን 14 ናኖሰከንድ ሲጠብቅ ነበርና ለውጡን የሚያየው እሱ ነው።

ደረጃ 7፦ ፈትኑ፤ ሳትሰለቹ ፈትኑ

አንድ ጊዜ ይህን ደረጃ ዘልዬዋለሁ። ራሜን 3800 አድርጌ ሦስት ሳምንት ጌም ተጫወትኩበት፤ አንድም ቀን ስታክ አላደረገም። በዚያው መሐል የድሮ ፎቶዎቼን በአንድ የታመቀ ፋይል ጠቅልዬ ዋናዎቹን አጥፍቼ ነበር። አንድ ቀን ልከፍተው ስል "ፋይሉ ተበላሽቷል" አለኝ። ሜምቴስት86ን ሳስኬድ በሦስተኛው ዙር ሁለት ስሕተት። ሁለት ብቻ። ጌም ውስጥ አንድ ቢት ቢሳሳት አንድ ነጥብ ለአፍታ ቀለሟን ትቀይር ይሆናል፤ የታመቀ ፋይል ውስጥ ግን ከዚያ ወዲያ ያለውን ሁሉ ይዞት ይሄዳል።

ስለዚህ በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ፦

ሀ. ሜምቴስት86ን ፍላሹ ላይ ጭናችሁ በእሱ አስነሡ። ነጻው እትም 4 ዙር ይሄዳል፤ አራቱንም ይጨርስ። እንደ ራሙ መጠን ሰዓታት ስለሚፈጅ ማታ ለቃችሁት ተኙ። መጀመሪያ ይህን የምናደርገው ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት ስለሚሠራ ነው፤ ራሙ ቢሳሳትም ዲስካችሁ ላይ የሚጻፍ ነገር የለም።

ለ. ጠዋት ንጹሕ ከሆነ ዊንዶውስ ውስጥ ግቡና ቴስትሜም5 ወይም ኦሲሲቲ የተባለውን መፈተሻ ቢያንስ ሁለት ሰዓት አስኬዱ። ሜምቴስት86 ሲሠራ ግራፊክስ ካርዱ ቀዝቅዞ ተቀምጧል፤ በሥራ ቀን ግን የእሱ ሙቀት ወደ ራሙ ይወጣል፣ ራም ደግሞ ሲሞቅ ይሳሳታል። ዲዲአር5 ሙቀቱን ራሱ ስለሚናገር በኤችደብሊውኢንፎ ተከታተሉት። 40ዎቹ ውስጥ ምንም ስሕተት ሳያሳይ ቆይቶ 60 ሲጠጋ መሳሳት ከጀመረ መፍትሔው ንፋስ ነው፤ ፍጥነት ከመቀነሳችሁ በፊት የኬዙን ፋን አስተካክሉ።

ሐ. አጥፍታችሁ ገመዱን ነቅላችሁ አሳድሩት፣ በማግስቱ አስነሡት። በሞቀ ጊዜ የተለካው መስመር በቀዝቃዛው ላይ ጠርዝ ላይ ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ ጠዋት ጠዋት ብቻ የማይነሳ ኮምፒውተር ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይህ ነው። ስሊፕ አድርጋችሁም ቀስቅሱት።

መ. የዊንዶውስ መዝገብ ማያ በሆነው ኢቨንት ቪውር ውስጥ ሲስተም የሚለውን ከፍታችሁ ዊያ ሎገር (WHEA-Logger) የሚል የሃርድዌር ስሕተት መዝገብ ፈልጉ። ካለ ፍተሻው ቢያልፍም ፕሮሰሰሩ በውስጡ እያረመ ነው ማለት ሊሆን ይችላል፤ አልተረጋጋም።

ተቀባይነት ያለው የስሕተት ብዛት ዜሮ ነው። አንድ ስሕተት አይታችሁ "ደግሜ ላስኪደው፣ ሁለተኛ ላይ ላይመጣ ይችላል" አትበሉ።

ደረጃ 8፦ ስሕተት ከመጣ ወይም ካልተነሳ

ከዚህ በታች ካሉት አንዱን ብቻ ቀይሩ፣ ፈትኑ፣ ካልሆነ ወደሚቀጥለው ሂዱ። ሦስቱን አንድ ላይ ከቀየራችሁ የትኛው እንዳዳናችሁ አታውቁም።

ፕሮፋይሉን እንዳለ ትታችሁ ፍጥነቱን ብቻ አንድ እርከን አውርዱ፦ ከ3600 ወደ 3466፣ ከ6000 ወደ 5800። ታይሚንጉን አትንኩ። አብዛኛው ችግር እዚህ ያበቃል፣ በዕለት ተዕለት ሥራም ልዩነቱን አታዩትም። ፍጥነቱን መቀነስ ካልፈለጋችሁ ኮማንድ ሬት የሚለውን ከ1ቲ ወደ 2ቲ አድርጉ፤ ኮንትሮለሩ ትእዛዙን ለማድረስ ተጨማሪ ምት ያገኛል። የራሙ ቮልቴጅ የመጨረሻው ነው፦ ከ1.35 ወደ 1.37፣ ግፋ ቢል 1.4። ዲዲአር4 ላይ እኔ ከዚያ አላልፍም።

አንድ የመለያ ዘዴ አለ። ሁለቱን ፍሬዎች ለየብቻ አንድ ስሎት ላይ ሰክታችሁ በፕሮፋይሉ ፈትኑ። አንዱ ብቻውን ከተሳሳተ ራሙ ነው የታመመው፤ መልሱት። ሁለቱም ለየብቻ ንጹሕ ሆነው አብረው ሲሆኑ ከተሳሳቱ የደረሰው የኮንትሮለሩ ወይም የቦርዱ ወሰን ነው፤ ራም መቀየር አይረዳችሁም።

በ2133ም የሚሳሳት ከሆነ ጉዳዩ የፍጥነት አይደለም፤ የተበላሸ ዕቃ ይዛችኋል።

ደረጃ 9፦ ለኩና አስቀምጡ

ደረጃ 1 ላይ የያዛችሁትን መለኪያ ድገሙ። በፕሮሰሰሩ ውስጥ ባለው ግራፊክስ የምትጫወቱ ትልቁን ለውጥ ታያላችሁ፤ የራሱ ሜሞሪ ስለሌለው ከዚሁ ራም ነው የሚቀዳው። ጠንካራ ግራፊክስ ካርድ ይዛችሁ በ4ኬ የምትጫወቱ ግን ብዙ አትጠብቁ፤ እዚያ የሚጠበቀው ካርዱ ነው። ቁጥሩ ካልጨመረ ወይም ከቀነሰ ደረጃ 6ን መልሳችሁ እዩ። ካማራችሁ ባዮሱ ውስጥ ሴቲንጉን በስም የሚያስቀምጥ ቦታ አለ፤ እዚያ አኑሩት፣ ፎቶም አንሱት።

ደጋግሜ የማያቸው ስሕተቶች

ሁለት ሳጥን አንድ ላይ ማድረግ። "ያው ስም፣ ያው ፍጥነት ነው" ትላላችሁ፤ ነገር ግን ውስጡ ያለው ቺፕ የተለያየ ሊሆን ይችላል፣ አምራቹም አብረው አልሞከራቸውም። አራት ፍሬ በራሱ ኮንትሮለሩን ይከብደዋል፦ ራይዘን 7000 በሁለት ፍሬ 5200 ቃል የተገባለት በአራት ፍሬ 3600 ብቻ ነው። 64 ጊጋባይት ከፈለጋችሁ ሁለት ባለ 32 ግዙ።

ዲዲአር5 ራሱን ያርማል ብሎ ፍተሻ መዝለል። የሚያርመው ቺፑ ውስጥ የተቀመጠውን ነው። ዳታው ከራሙ ወደ ፕሮሰሰሩ ሲጓዝ መንገድ ላይ የሚሳሳተውን አያየውም፤ ፍጥነት ስንጨምር ደግሞ የሚሳሳተው በብዛት መንገዱ ላይ ነው።

ፕሮሰሰሩንና ራሙን አንድ ቀን ማፍጠን። ሰማያዊ ስክሪን ሲመጣ ማንን እንደምትከሱ አታውቁም። ፕሮሰሰሩ መደበኛው ላይ ሆኖ ራሙን ጨርሱ።

የዊንዶውስን የራሱን የሜሞሪ መፈተሻ ብቻ አስኪዶ ማረፍ። በግልጽ የሞተ ራም ያገኛል፤ በስምንት ሰዓት አንዴ የሚሳሳተውን ግን አያገኝም።

አውቶን ማመን። አንዳንድ ቦርዶች ፕሮፋይል ሲበራ የኮንትሮለሩን ቮልቴጅ ሳይነግሯችሁ ከፍ ያደርጉታል። በኤችደብሊውኢንፎ አይታችሁ ከማስጠንቀቂያው ጋር አስተያዩ።

ባዮስ ባሻሻላችሁ ወይም ባትሪዋን ባወጣችሁ ቁጥር ፕሮፋይሉ ይጠፋል። ከወራት በኋላ ታስክ ማናጀር ላይ እንደገና 2133 ካያችሁ ከደረጃ 4 ጀምሩ፤ የድሮው ባዮስ ላይ ያስቀመጣችሁት ሴቲንግ አዲሱ ላይ ላይከፈት ስለሚችል ፎቶውን አውጡ። ሜምቴስት86ንም ድገሙት፤ አዲሱ ባዮስ ራሙን የሚያለማምደው በሌላ መንገድ ሊሆን ስለሚችል የድሮው ፍተሻ ለእሱ አያገለግልም።